የመናፈሻው የታችኛው ጫፍ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሸምበቆው ጸደቀ! ፎርማኑ ጠዋት ፎቶ ላከልኝ፤ ከተተከለው ውስጥ የደረቀው ጥቂት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ውሃን በቱቦ ከማባረር ሜዳ ላይ አሳርፈን መሬቱ ቀስ ብሎ ይጠጣው» እያልኩ የለፈለፍኩት ለዚህ ነበር። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መናፈሻው መሃል ያለው ጎድጓዳ ሜዳ ላይ ይረጋጋል፣ ሸምበቆው ያጣራዋል፣ የተረፈው ብቻ ታችኛው ጫፍ ላይ ባለው ቱቦ ወጥቶ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲገባ መሬት ላይም እናየዋለን።

አቶ ይደርሳል ደስ ብሎታል። ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ምን ቢጠይቁት «ይደርሳል» ስለሚል ቢሮው በሙሉ ከጀርባው እንዲህ ነው የሚጠራው። ዛሬ ለአዲስ ተቀጣሪዎቹ የእኔን ሕግ አስረዳቸው። ሕጉን ያመጣሁት ከሃያ ዓመት በፊት ነው፦ ማንኛውም ፕላን ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት የነደፈው ሰው ቦታውን ዳር እስከ ዳር ይረግጥና ወረቀቱ ጥግ ላይ በእጁ «በእግሬ ሄጄ አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። «እሷ ያልረገጠችው መሬት ላይ መስመር አታሰምርም» አላቸው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዣንጥላዬን ተደግፌ ፈገግ አልኩ።

የቤታችን ሊፍት ዛሬም አይሠራም። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ እትዬ በሩን ከፍታ ትጠብቀኝ ነበር። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ነርስ ነበረች፤ ከሆስፒታሉ ጡረታ ወጣች እንጂ ከእኔ አልወጣችም።

«በዚህ ፀሐይ ዣንጥላ ምን ያደርግልሻል?»

«ለፀሐይም ይሆናል።»

«ተዘግቶ?»

ሰው እቤቱ ሲገባ እንኳ ሰላም አያገኝም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ፎርማኑ ደወለ። የቱቦው አፍ ከመንገዱ ቦይ በታች ነው ይላል። «ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሏል። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም፣ እመቤቴ።» በደንብ ለካ አልኩት። ለክቻለሁ አለ። ድገመው አልኩት።

ስብሰባ። ምሳ አልበላሁም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ደገመው። ያው ሁለት ስንዝር።

ነገሩ ገብቶኛል። የታችኛው መንገድ አምና አስፋልቱ ሲታደስ አሮጌው ሳይፋቅ አዲሱ ከላዩ ነው የፈሰሰበት፤ መንገዱ ከነቦዩ ከፍ ብሏል። ቀያሹ ከፍታውን የለካው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ቱቦዬ የሚያውቀው የድሮውን ቦይ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ትርፉ ውሃ መውጫ አጥቶ ይመለስና መናፈሻው ግርጌ ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች ይሞላቸዋል። ዝናቡ ሊገባ ቢበዛ አንድ ወር ነው።

መፍትሔ አይጠፋም። ረጋ ብሎ ማሰብ ነው።

ቀያሹ ግን አናደደኝ። ጠንቃቃ ሰው ነው ሲባል ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ እንኳ በልቡ ይቆጥራል እያሉ ይቀልዱበታል። ታዲያ የታለ ጥንቃቄው? መለካት የእሱ ሥራ ነው፤ የእኔ መንደፍ ነው። እኔ ቦታውን ከላይኛው አጥር ሆኜ አይቼዋለሁ። እንዲያውም ከላይ ሲሆን ሁሉም ይታያል። ያ ታች ድረስ የሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ጊዜ ማባከን ነው፤ ሲወርዱ ደህና ነው፣ ሲወጡ ነው ጉዱ።

ግንቦት 10፣ እሁድ

እትዬ ምርኩዝ ገዝታ መጣች። በወረቀት ጠቅልላዋለች፣ የልደት ስጦታ ይመስል።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለጎረቤት።»

«ጎረቤት ምን ሆነ?»

«ግራ ጉልበቷ አብጧል፤ ሌሊት ስትገላበጥ ታቃስታለች፤ ስትጠየቅ ደህና ነኝ ትላለች። ውሸታም ጎረቤት ናት።»

ሳቅ አመለጠኝ። ምርኩዙን ግን ከበሩ ኋላ አቆምኩት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ምርኩዝ ይዤ ቢሮ ብገባ ምን ሊሉኝ ነው? ጉልበቴ ትንሽ አበጥ ማለቱ እውነት ነው። ሙቀቱ ነው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

አቶ ይደርሳል ጠራኝ። ፎርማኑ ለእሱም ነግሮታል።

«ከፍታው የማን ልክ ነው?»

«የቀያሹ።»

ውሸት አልተናገርኩም።

«አንቺ ጫፉን አይተሽዋል አይደል?»

«ፊርማዬ አለ።»

«እሱማ አለ» አለና ወረቀቱን አጠፈው። «ከሆነማ ጥፋቱ የልኩ ነው። ለሰውየው ደብዳቤ ይጻፍለታል።»

ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሰው አይሞትበትም። እኔም በዘመኔ ሁለት ደርሶኛል። ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ እንጃ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ማስጠንቀቂያ አይደለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራውን እንዲያስረክብ ነው የተነገረው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል።

ኮሪደር ላይ ጠብቆኝ ነበር። የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማስታወሻዬን አላዩትም እንዴ?»

«የቱን ማስታወሻ?»

«ወረቀቱ ዳር ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን።»

«አላየሁም» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ሄደ። ጽሕፈቱ እንደሆነ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ ማንም አያነበውም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሻይ ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንዷ አዲስ ተቀጣሪ ናት፦ «እሷ ረግጬ አይቻለሁ ብላ ከፈረመች አይታለች ማለት ነው። አለቀ። እሱ ነው የተሳሳተው።»

ሻዩን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ለቱቦው ሦስት ዓይነት መፍትሔ ሣልኩ። ሦስቱም የታችኛውን ጫፍ የአሁን ከፍታ ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ወርዶ ይለካልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ «ለምን ቀያሹ አይሄድም?» አሉኝ። እኔ ምን ብዬ ልላከው? በምን ዓይኔ?

ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነው። እሰይ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ከእራት በኋላ

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከአሥራ አንዱ ቤቶች የመጨረሻው የእሷ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ራሷ ነገረችኝ። ከቤቷ ያን ሁሉ የድንጋይ ደረጃ ወጥታ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጠያይቃ ነው ያገኘችኝ። ደግነቱ ጠረጴዛዬን ባለፈው ዓመት ወደ ምድር ቤት አስወርጄዋለሁ፤ ለብርሃኑ ብዬ።

ይቀመጡ ብላት አልተቀመጠችም። የመናፈሻው ሠራተኞች ስለ ውሃ ሲያወሩ ሰምታለች።

«እህቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለችኝ። «ሦስት የስፌት ማሽን አለኝ። ከመሬት ከፍ ላድርጋቸው ወይስ ይቀመጡ? ብቻዬን ስለሆንኩ አንሱልኝ ብዬ ሰው መለመን አለብኝ። ሳያስፈልግ ሰው አላስቸግርም ብዬ ነው። ሥራውን የሠራችው እሷ ናት፣ እሷ ታውቃለች አሉኝ።»

ሥራውን የሠራችው እሷ ናት። እሷ ታውቃለች።

«አያስፈልግም» አልኳት።

መረቀችኝ። ቆማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ከልቧ መረቀችኝና «ዕዳዬን አቀለልሽልኝ» ብላ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ቀናሁባት። ይታያችኋል? ቤቷን ውሃ ላስገባባት የተዘጋጀሁት ሴትዮ በጉልበቷ ቀናሁባት።

እንግዲህ ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ማስታወሻውን አይቼዋለሁ። ጽሕፈቱም ዶሮ የጫረችው አይደለም፤ ይነበባል፤ አንብቤዋለሁ። «መንገዱ ሊታደስ ነው ይባላል። ከመፈረሙ በፊት የታችኛው ጫፍ እንደገና ይታይ» ነው የሚለው። በዚያው ሳምንት ሄድኩ። መናፈሻውን ዞርኩት፣ ደረጃው አፍ ላይ ደረስኩ፣ ሦስት ደረጃ ወረድኩ። አራተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የብረት ድጋፉን ባልይዝ ኖሮ ተንከባልዬ ነበር። ማንም አላየኝም። ቀስ ብዬ በቂጤ ወደ ላይ ተሳብኩ፣ ልብሴን አራገፍኩ፣ የላይኛው አጥር ጋ ተቀምጬ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ያችን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ጽሕፈቴ እንኳ አልተበላሸም። ሌላ ሰው ልላክ ብል ለምን ይሉኛል፤ ጉልበቴ ብል ደግሞ... እኔን ሰው የሚያውቀኝ በእግሬ ነው። ሌላ ምን አለኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቹን «ቂጣችሁን ከወንበር አንሱ» እያልኩ ስገሥጽ ኖሬያለሁ።

መንገዱ ከታደሰ በኋላም አልሄድኩም። አንድ ቀን ብቻ ብወርድ ኖሮ በዓይኔ አየው ነበር። ቀያሹን ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ አላየሁም አልኩት።

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም፤ አፈርኩ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ለእትዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስባ አየችው።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«አንቺ ልጅ!» አለች። በዚህ ዕድሜዬ አሁንም ልጅ ነኝ። ከዚያ «ለእነሱስ መቼ ነው የምትነግሪያቸው?»

«ሰኞ ስብሰባ አለ።»

«ዝናቡ ሰኞን ይጠብቅሻል?»

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው።

አቶ ይደርሳልን ሰው ሁሉ ይጠራልኝ አልኩት፤ ቀያሹም፣ አዲሶቹም። ቆሜ ልናገር ብዬ ነበር፤ ምርኩዙን ይዤ ነው የገባሁት፤ እትዬ በግድ አሲዛኝ። ሁሉም መጀመሪያ ምርኩዙን አዩ። ጥሩ፣ ከእሱ ልጀምር ብዬ ከጉልበቴ ጀመርኩ። ደረጃውን እንዳልወረድኩ፣ ማስታወሻውን አንብቤ እንዳለፍኩት፣ ሳላይ እንደፈረምኩ፣ ሲጠይቀኝ እንደዋሸሁት።

አቶ ይደርሳል «ይደርሳል» አላለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ? ወንበር ይዤልሽ እወርድ ነበር» አለ። አንጀቴን በላው፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ቀያሹ ጫማውን ነው የሚያየው። ለእኔ አንድ ቃል አልተናገረም። ለተሰበሰበው ሰው ግን ተናገረ፦ «በመንገዱ ቦይ መቶ ሃያ ሜትር ወደ ታች ሄድ ሲሉ ውሃን በመንገድ ሥር የሚያሳልፍ አንድ አሮጌ ማስተላለፊያ አለ። ከቤቶቹ ግርጌ ጎን ለጎን ክፍት ቦይ ብንቆፍር ውሃው ወደዚያ ይወርዳል። ተዳፋቱ ይበቃል፤ ለክቼዋለሁ።»

«መቼ ነው የለካኸው?» አለው አቶ ይደርሳል።

«ደብዳቤው በደረሰኝ ማግሥት።»

ማንም ሳይልከው፣ ከሥራ ተባሮ ሳለ፣ ሄዶ ለክቶታል። ሰዎቹ ቤት ውሃ እንዳይገባ።

ደብዳቤው ተቀደደ። ፕሮጀክቱ ከእጄ ወጣ፤ ከእንግዲህ ለብቻዬ አልፈርምም። ትክክል ነው። ስወጣ ያቺ የሻይ ክፍሏ ልጅ በሩን ያዘችልኝ፤ ወደ ፊቴ ግን አላየችም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩ። ማሽኖቹን ከፍ ያድርጓቸው፣ ተሳስቼ ነው አልኳት። «ታዲያ ያን ቀን ምነው?» አለችኝ። አፍሬ ነው አልኳት። «አይ እህቴ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ቁፋሮው ተጀመረ። በስልክ እየሰማሁ ነው። ድንጋይ ገጥሟቸዋል። እኔ ምንም አልተጠየቅኩም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት። ጉልበቴ ውስጥ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን አልቋል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለኝ። እትዬ ሐኪሙ የተናገረውን ሁሉ ከእሱ ቀድማ ተናግራ ነበርና ቤት እስክንገባ ድረስ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የሄደችው።

ሰኔ 1፣ እሁድ

ደመና። ፎርማኑ አርባ እርምጃ ቀርቶናል ይላል። ማክሰኞ እንጨርሳለን አለ። ማክሰኞ!

እንቅልፍ ጠፍቶኝ ሳይሆን ሆን ብዬ ተቀምጬ አሰብኩ። አሥራ አንዱ ቤቶች ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሰሙት በወሬ ነው፤ ከእኔ አፍ አይደለም። ሄጄ በየበራቸው ልንገራቸው። ለእትዬ ስነግራት «ደረጃውንስ?» አለች። እንዴት እንደምወርደው አውቃለሁ አልኳት።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ልብሴ ገና አልደረቀም። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጠዋት ከእትዬ ጋር ሄድን። ደረጃው አፍ ላይ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ፣ በቂጤ፣ እንደ ሕፃን ወረድኩ። እትዬ ከፊቴ እየወረደች «እግርሽን ዘርጊ፣ ቀስ፣ አሁን» ትለኛለች። ሰው ወጣ፣ ሰው ወረደ፣ ሁሉም አዩን። እስኪበቃቸው ይዩኝ አልኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ከመጀመሪያው ቤት ጀምሬ በየበሩ አንኳኳሁ። «መናፈሻውን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ታች ድረስ ወርጄ ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ ውሃው ወደ እናንተ ሊመጣ የሚችለው በእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። አንዱ ሰደበኝ። አንዷ ውሃ አጠጣችኝ። አንድ ሽማግሌ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ልብስ ሰፊዋ ጋ ስደርስ ማሽኖቿ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። «ቀያሹ ነው ያነሣልኝ» አለች። ወንበር ሰጠችኝ። ስለ ይቅርታ አላወራንም፤ መርፌ ጠፍቶባት እሱን አብረን ፈለግን።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። ሲያጉረመርም ቆይቶ ድንገት ሰማዩ ተደፋ። ወንበሬን በሩ ላይ አድርጌ አየሁት። ጎድጓዳው ሜዳ ሞላ፤ ሸምበቆው እስከ አንገቱ ጠለቀ። ከዚያ ትርፉ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ አበጠ፣ መልሶ ወደ እኛ መጣ። ልክ እንደፈራሁት። ከአዲሱ ቦይ ሁለት እርምጃ ያህል መሬት ገና አልተከፈተም ነበር። ፎርማኑና ሠራተኞቹ ዝናብ ውስጥ ቆመው ይቆፍራሉ፤ ቀያሹም አካፋ ይዟል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ውሃው የልብስ ሰፊዋን የመጀመሪያ መረገጫ ድንጋይ ሸፈነ። ሁለተኛውን ነካ። እትዬ ትከሻዬን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ አሁን ድረስ ያመኛል።

ከዚያ የቀረው መሬት ተናደ። ውሃው ዞረ። ዓይኔ እያየ ዞሮ በአዲሱ ቦይ ወደ ታች ሮጠ፤ መረገጫ ድንጋዩ ተመልሶ ታየ። ልብስ ሰፊዋ እልል አለች። እኔ ትከሻዬ ላይ ያለውን የእትዬን እጅ ያዝኩ።

የእኔ መውጣት ግን አልታሰበበትም። ደረጃው ላይ ጎርፍ ይወርዳል፤ በቂጤ መውጣት አይሞከርም። ሰዎቹ ተከራከሩ፤ ይቆዩ አሉ፣ እንሸከማቸው አሉ። ቀያሹ ምንም ሳይል ከልብስ ሰፊዋ ቤት ክንድ ያለውን ወንበር አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ፎርማኑ ከላይ በኩል ያዘ፣ ጀርባዬን ወደ ላይኛው ደረጃ አዙረው አነሡኝ። ቀያሹ ከታች በኩል ነው የያዘው፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ፊት ለፊት ሆንን። እንኳን ዞር ማለት፣ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ዝናቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ጭቃው አገጩ ላይ ደርቆ እንደገና ረጥቧል። እትዬ ከኋላ ምርኩዜንና ዣንጥላዬን ይዛ ትከተላለች።

እግሬ የእሱን ደረት እንዳይነካ ሰብስቤ፣ ጥቂት ደረጃ እንደወጣን፣ «ይቅር በለኝ» አልኩት። «አሥራ አንድ ዓመትህን ልበላብህ ነበር።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። አላየኝም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አሁን አያናግሩኝ» አለኝ፤ «እየቆጠርኩ ነው።»

እስከ ላይ ድረስ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እሱ እየቆጠረ እኔ እያለቀስኩ ወጣን።